ጋሽ በፍቃዱ «አላየሁትም» ያሉበት ቅዳሜ

ጋሽ በፍቃዱ ሀብቴ ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኦክላንድ ውስጥ አርፈዋል። ሕመማቸው የልብ ነበር፤ ሆስፒታል የተኙት አራት ቀን ብቻ ነው። ዕድሜያቸው ስልሳ ዘጠኝ ነበር። ለአርባቸው ስንሰበሰብ የሚነበብ ነገር እንድጽፍ የጠየቀችኝ ልጃቸው ሊያ ናት። ከቀብሩ መልስ፣ ሰው ምሳ እየበላ ሳለ፣ አጠገቤ መጥታ «ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ እዚያ ቤት ምን ነበር የሚያደርገው? አይ ቶት ኳስ ብቻ የሚያይ» አለችኝ። ማየት ብቻ እንዳልነበረ፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ይናገሩ እንደነበር ነገርኳት። «ቤት ውስጥ እኮ ብዙ አይናገርም» አለች። «ሪሊ አይናገርም።»

ስለ ጋሽ በፍቃዱ ከኔ ይበልጥ የሚያውቁ ብዙ ናቸው። እኔ የማውቀው የቅዳሜ ጠዋቶቻቸውን ነው። ከቅዳሜዎቹም አንዱን በደንብ ስለማውቀው የምጽፈው ስለሱ ነው።

በዚያ ቅዳሜ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ባለው በወይዘሮ ሰብለ ምግብ ቤት የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። አንደኛ፣ ጋሽ በፍቃዱ ራሳቸው። ሁለተኛ፣ ጋሽ ዘሪሁን፣ በስኳር በሽታ ሁለቱን ዓይኖቻቸውን ካጡ ያኔ ስድስት ዓመት የሆናቸው። ሦስተኛ፣ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሰብለ። አራተኛ፣ ዳንኤል፣ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር። አምስተኛ፣ ኤልያስ፣ ዩኒየን ሲቲ የሚኖር፣ ሳን ሆዜ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ፣ እሑድ ደግሞ በቸርቹ የሚሰብክ። ስድስተኛ እኔ፣ ናትናኤል፣ ኮምፒዩተርና ስልክ የምጠግን። ሰባተኛ ሰው ነበር የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ዳቦ ያመጣው ሰውዬ በር ላይ አስረክቦ ነው የሄደው።

በዚያ ጠዋት የተወሰነው የአንድ ኳስ ጨዋታ ውጤት ብቻ አልነበረም። ጋሽ በፍቃዱ ሰኞ ጠዋት ሰባት በሽተኞች በቫናቸው ጭነው መንዳት አለባቸው ወይስ የለባቸውም የሚለውም ነበር። ይህ ጥያቄ እንዳለ የምናውቅ፣ እያንዳንዳችን ለየብቻችን፣ ሦስት ሰዎች ነበርን። ሦስታችንም ዝም ብለን ከርመናል።

የቅዳሜውን አሠራር ለማታውቁት ላስረዳ።

የወይዘሮ ሰብለ ቤት ለደንበኛ የሚከፈተው በአራት ሰዓት ነው። ለኛ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትከፍትልናለች፤ የእንግሊዝ ሊግ ጨዋታ እዚህ የሚደርሰው በማለዳ ነውና። (ሰዓት የምጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው።) ሁላችንም ስንገባ ስልካችንን በሩ አጠገብ ባለው የዳቦ ቅርጫት ውስጥ እናስቀምጣለን። ምክንያቱም የኢንተርኔቱ ሥርጭት ከእውነተኛው ጨዋታ በግማሽ ደቂቃ ያህል ይዘገያል፣ ስልክ ደግሞ ጎሉን ቀድሞ ይናገራል። ይህን ሕግ ያወጡት ጋሽ በፍቃዱ ናቸው። አንድ ጊዜ የዳንኤል ስልክ ጮኾ ጎል መግባቱን ሁላችንም ሳናይ አውቀናል፤ ከዚያ ወዲህ ቅርጫቱ መጣ።

የእንግሊዝኛውን ተናጋሪ ድምፅ አጥፍቼ የስታዲየሙ ጩኸት ብቻ እንዲሰማ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጨዋታውን የሚያስተላልፉት ጋሽ በፍቃዱ ነበሩ፣ በአማርኛ፣ ለጋሽ ዘሪሁን።

ቤቱ ረጅም ነው። በአንድ ጫፉ ወጥ ቤቱ፣ በሌላው ጫፉ ወደ ቴሌግራፍ የሚያወጣው በር አለ። ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው በረጅሙ ግድግዳ መሃል ስለሆነ፣ በስተግራ ያለው ጎል የወጥ ቤቱ ጎል፣ በስተቀኝ ያለው የቴሌግራፍ ጎል ይባላል። የላይኛው መስመር «የግድግዳው መስመር» ነው፣ የታችኛው «የኛ መስመር»። ጋሽ ዘሪሁን ቤቱን በእግራቸው ለክተው ያውቁታል፤ ስለዚህ ሜዳውንም አወቁት። ተጫዋቾቹን ደግሞ በቁጥራቸው፣ ክለቦቹን በማልያቸው ቀለም ነበር የሚጠሯቸው። እኔም በስማቸው አልጠራቸውም። ጋሽ ዘሪሁን ቀይና ሰማያዊ ምን እንደሚመስሉ አልረሱም፣ ያ ይበቃቸው ነበር።

አነጋገራቸው እንዲህ ነበር፦ «ቀዮቹ ከወጥ ቤት ወደ ቴሌግራፍ። ኳሷ በኛ መስመር፣ ሰባት ቁጥር ይዟታል። ሰማያዊው ሦስት ቁጥር ፊት ለፊቱ ቆሟል፣ ሁለት ሜትር፣ አንድ ሜትር… ወደ ኋላ መለሳት።»

«ፈሪ!» ይላሉ ጋሽ ዘሪሁን።

«ፈሪ አይደለም፣ ከጎኑ ሁለተኛ ሰው መጥቶበት ነው። እኔ ነኝ ሳልነግርህ የቀረሁት።»

ስህተታቸውን ወዲያው ያርማሉ። ጨዋታውን ለማሳመር አንድ ቃል ሲጨምሩ ሰምቼ አላውቅም። ኤልያስ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ትንሽ ሞቅ ቢያደርጉት ምናለበት?» ቢላቸው «እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው፤ ሞቅታው ከሜዳው ይምጣ» አሉት። ጎልንም ዳኛው መሃል ሜዳውን ሳያሳይ ጎል አይሉም።

አሁን ስለ ሥራቸው። ጋሽ በፍቃዱ ዊልቼር የሚጭን ቫን ነበር የሚነዱት። ኩላሊት እጥበት ያለባቸውን፣ የሐኪም ቀጠሮ ያላቸውን ሰዎች ከቤታቸው ወስደው ያደርሳሉ፣ ይመልሳሉ። አሥራ አራት ዓመት ሲሠሩ አንድም ግጭት አልነበራቸውም። ቫኑን አንድ ቀን አይቼዋለሁ። ከበሩ ሥር በእጃቸው የሠሩት የእንጨት መረገጫ ነበረ፤ ቁመቱ አሥራ ስምንት ሴንቲሜትር፣ ላዩ እንዳያንሸራትት በአሮጌ ጎማ የተሸፈነ። በእግሯ መውጣት እየቻለች የቫኑ ደረጃ ለሚከብዳት ለአንዲት አሮጊት የቻይና ሴትዮ ነው የሠሩት። ሴትዮዋ እንግሊዝኛ አትችልም። ጋሽ በፍቃዱ ከልጅ ልጇ ጠይቀው በቋንቋዋ «ቀስ» ማለትን ተምረው ነበር። ሌላ ቃል አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ያችን አንድ ቃል ይሏታል፣ እሷም ትስቃለች።

ጋሽ ዘሪሁንን ያወቋቸውም በቫኑ ነው። ጋሽ ዘሪሁን ኩላሊታቸውም ስለደከመ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለእጥበት ይሄዳሉ። ስለ መጀመሪያው ቀን ራሳቸው የነገሩኝን እጽፋለሁ፦ «ጭነውኝ በሩን ዘጉት። የት እንዳለሁ፣ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። እንደ ዕቃ ነኝ። ሾፌሩ ድንገት በአማርኛ፣ ‹ጋሼ፣ አሁን ከቤትዎ መንገድ ወጥተናል። በቀኝዎ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ልጆቹ ገና አልገቡም። ሦስት መብራት ይቀረናል› አለኝ። እስክንደርስ መንገዱን ሁሉ ነገረኝ። ዕቃ መሆኔ ያን ቀን ቀረ።»

በሁለተኛው ሳምንት ስለ ኳስ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜዎቹ ተጀመሩ።

በዚያ ዓመት ሊጉ ሲጀመር፣ በነሐሴ ማለት ነው፣ ጋሽ በፍቃዱ ወንበራቸውን የሚያኖሩት ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ አሥራ አንድ ንጣፍ ርቀው ነበር። ወለሉ በካሬ ንጣፍ የተሠራ ስለሆነ ለመቁጠር ይመቻል። በየካቲት ወር ሰባት ንጣፍ ላይ ነበሩ። በሚያዝያ አራት።

ዳንኤል ይቀልድባቸው ነበር። «ጋሼ፣ ትንሽ ቢጠጉ'ኮ ቅጣት ምቱን ራስዎ ይመቱታል!»

«የዚህ የናትናኤል ኢንተርኔት ነው የደበዘዘው» ይሉ ነበር።

ኢንተርኔቱን አየሁት። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነበር። ሆኖም «እሺ ጋሼ፣ አየዋለሁ» አልኳቸውና ደህና የሆነውን ገመድ በሌላ ደህና ገመድ ቀየርኩት። ቁጥር መጥራታቸውም ቀነሰ። «ሰባት ቁጥር» ይሉ የነበሩት ሰውዬ «አንድ ቀይ» ማለት ጀመሩ። ይህን ሁሉ አየሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። እሳቸው በዚያው ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን ሰው ጭነው ፍሪዌይ ላይ ነበሩ።

ቅዳሜው በግንቦት ነው። ሊጉ ሊያልቅ ሁለት ጨዋታ ቀርቶታል። ቀዮቹ የጋሽ ዘሪሁን ክለብ ናቸው፤ በዚያ ቀን ከተሸነፉ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳሉ። ሰማያዊዎቹ የዳንኤል ናቸው፤ እነሱ ለደረጃ ነው የሚጫወቱት።

ዳንኤል ገና ስልኩን ቅርጫት ውስጥ ሳይጥል ጀመረ። «ጋሽ ዘሪሁን፣ አይዞዎት እንግዲህ፣ የታችኛው ሊግ ጥሩ ነው አሉ። ግን እዚያ ቴሌቪዥን የለም፣ በሬዲዮ ነው የሚከታተሉት!»

«እኔን ምን ቸገረኝ?» አሉ ጋሽ ዘሪሁን። «ለኔ ሁሉም ሬዲዮ ነው።»

ወይዘሮ ሰብለ ማኪያቶ ይዛ ስትመጣ እየሳቀች ስለነበር የኤልያስ ሳሕን ላይ ትንሽ ፈሷል።

የመጀመሪያው አርባ አምስት ደቂቃ ያለ ጎል አለቀ። ሰማያዊዎቹ ወደ ወጥ ቤቱ ነበር የሚመቱት። «እትዬ ሰብለ፣ ወደ እርስዎ እየመጡ ነው፣ ፉሉን ያድኑ!» ይላል ዳንኤል። እሷም ከውስጥ ሆና «የናንተ አጥቂ እስከዚህ ከደረሰ ፉሉን ራሴ ነኝ የማጎርሰው!» ትላለች። ጋሽ በፍቃዱ ግን እንደ ወትሮው አልነበሩም። ቃላቸው አጭር ነው። ሁለት ጊዜ ኳሷ ከወጣች በኋላ አልወጣችም ብለዋል፣ ሁለቱንም ጊዜ አርመዋል። ወንበራቸው ሦስት ንጣፍ ላይ ነበር።

በስልሳ ስምንተኛው ደቂቃ ቀዮቹ በወጥ ቤቱ በኩል የማዕዘን ምት አገኙ። ጋሽ በፍቃዱ «ከግድግዳው መስመር ነው የሚመታው። ተዘጋጅቷል። መታት» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ስታዲየሙ ጮኸ። ዳንኤል ግንባሩን ያዘ። ዳኛው መሃል ሜዳውን አሳየ።

«ገባች?» አሉ ጋሽ ዘሪሁን።

ጋሽ በፍቃዱ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አሉ።

«በፍቃዱ፣ ገባች ወይ? የገጨው ማነው? ስንት ቁጥር?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። የቀዮቹ አራት ቁጥር ቁመቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ዓመቱን ሙሉ የማዕዘን ምት በጭንቅላቱ ሲያገባ የኖረው እሱ ነው። ማንም ቢገምት አራት ቁጥር ነው የሚለው። ጋሽ በፍቃዱ በኋላ እንደነገሩኝ «አራት ቁጥር» የሚለው ምላሳቸው ላይ ነበረ። የገጨውም በእርግጥ አራት ቁጥር ነው። ገምተው ቢናገሩ ኖሮ ትክክል ይሆኑ ነበር፣ ጨዋታውም ይቀጥል ነበር፣ ሰኞም ይነዱ ነበር።

«አላየሁትም» አሉ።

ዳንኤል ሳቀ። «እንዴ ጋሼ! ከዚህ በላይ ከተጠጉ'ኮ እኛ የምናየው የእርስዎን ማጅራት ብቻ ነው!»

ሌላ የሳቀ ሰው የለም። በቴሌቪዥኑ ላይ ጎሉ ከጨዋታ ውጪ መሆን አለመሆኑ በቪዲዮ እየታየ ነበር፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጅቷል። ከዚህ በታች ያለው ንግግር ሁሉ የተደረገው በነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

«ኳሷን ነው ያላየሃት ወይስ ልጁን?» አሉ ጋሽ ዘሪሁን።

«ሁለቱንም። ቀይ ነገር ተነሣ፣ ከዚያ ሕዝቡ ጮኸ። መሃል ላይ ያለውን አላየሁም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከጥምቀት ወዲህ።»

«እኔ ከፋሲካ በፊት ነው ያወቅኩት» አሉ ጋሽ ዘሪሁን። «ድሮ ከሕዝቡ ትቀድም ነበር። አሁን ሕዝቡ ከጮኸ በኋላ ነው የምትነግረኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነዋ! ስንት ወር ልጠብቅህ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። ወይዘሮ ሰብለ ከወጥ ቤቱ ወጣች። ጋሽ ዘሪሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰኞ የምትጭነው ማንን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ጋሽ በፍቃዱ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሰባት ሰው ነው። መጀመሪያ የቻይናዋን ሴትዮ። ሦስተኛ አንተን።»

«እኔን ተወኝ፣ እኔ ካንተ ጋር አልሄድም። ስድስቱስ?»

«መንገዱን በቃሌ ነው የማውቀው፣ ዘሪሁን። አሥራ አራት ዓመት እኮ ነው።»

«መንገዱን የሚሻገረውንም ልጅ በቃልህ ታውቀዋለህ?»

ኤልያስ «ጋሽ ዘሪሁን፣ ቀስ ቢሉ» ብሎ ሊገባ ሲል ጋሽ በፍቃዱ በእጃቸው ከለከሉት። ሁለቱን እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን አዩ።

«ሰብለ፣ ስልኬን ስጪኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ጨዋታው አላለቀም እኮ።»

«አውቃለሁ። ስጪኝ።»

ስልካቸውን ከቅርጫቱ አውጥታ ሰጠቻቸው። በቴሌግራፍ በኩል ወዳለው በር ሄዱ። በሩን ሲከፍቱ ቫኖቹን ለምታሰማራው ለዲስፓቸሯ በእንግሊዝኛ ስማቸውንና የቫናቸውን ቁጥር ሲናገሩ፣ ቀጥሎም «ካንስል ማይ መንደይ» ብለው የሰኞ ሥራቸውን ሲሰርዙ ሰማሁ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ወይዘሮ ሰብለ ጃኬታቸውን ይዛ ተከትላቸው ወጣች። ውጭ የቆዩት ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ ይህን የማውቀው ቴሌቪዥኑ ላይ ካለው ሰዓት ነው።

ውስጥ የቀረነው አራት ነበርን። ጋሽ ዘሪሁን «ጎሉስ?» አሉ።

«ጸድቋል» አለ ኤልያስ። «የገጨው አራት ቁጥር ነው።»

«እሺ። እንግዲህ አንድ ሰው ይናገር፣ ጨዋታው እየሄደ ነው።»

ኤልያስ ሞከረ። ስብከት ስለለመደ ድምፁ ጥሩ ነው። «ኳሷ እየመጣች ነው! እነሆ እየመጣች ነው!»

«ከየት ነው የምትመጣው?»

«ከ… ከዚያ በኩል።»

«ኤልያስ፣ ከዚያ የሚባል ሰፈር የለም።»

ዳንኤል ተረከበው። እሱ ቦታውን ይናገራል፤ ግን ሰማያዊዎቹ ኳስ ሲይዙ ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ቀዮቹ ሲይዙ አንድ ቃል ነበር። ጋሽ ዘሪሁን «አንተ የምታየው ግማሹን ሜዳ ነው» እያሉ ይጨቃጨቁት ጀመር። ጋሽ በፍቃዱ የተመለሱት በዚህ መሃል ነው። ስልካቸውን መልሰው ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጡ። ከዚያ ወንበራቸውን ከቴሌቪዥኑ ሥር አንሥተው ከጋሽ ዘሪሁን አጠገብ አኖሩትና ተቀመጡ። ስለ ስልኩ የጠየቃቸው የለም። እሳቸውም አልተናገሩም፣ «ሰኞ ሌላ ሰው ይመጣልሃል» ከማለት በቀር።

«በስንት ሰዓት?» አሉ ጋሽ ዘሪሁን።

«በተለመደው።»

ዳንኤል መናገሩን ትቶ ያያቸው ነበር። «ቀጥል እንጂ!» አሉት ጋሽ በፍቃዱ። «ጩኸቱን እኛም እንሰማዋለን። አንተ ቦታውን ንገረን።»

ሰማያዊዎቹ በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ አቻ አደረጉ። ዳንኤል ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ጨዋታ ነበር፣ ግን አልጮኸም። ዳኛው መሃል ሜዳውን እስኪያሳይ ጠበቀና በተስተካከለ ድምፅ «ጎል ነው። ሰማያዊ፣ አሥራ አንድ ቁጥር፣ ከኛ መስመር በግራ እግሩ፣ አንድ ለአንድ» አለ። ጋሽ በፍቃዱ «ጥሩ ነው» አሉ። ጋሽ ዘሪሁን ግን «ምኑ ነው ጥሩ?» ብለው ተቆጡ። በዚያው አለቀ። ቀዮቹ ያን ቀን ከመውረድ ተረፉ። በሳምንቱ ወረዱ።

ጋሽ በፍቃዱን ወደ ቤታቸው የወሰዳቸው ኤልያስ ነው። በዚያው ቀን ለሊያ ነገሯት። ሊያ እንደነገረችኝ በጣም ተቆጥታ ነበር፣ «ዋይ ዲድንት ዩ ቴል ሚ?» ብላ ደጋግማ ጠይቃቸዋለች። መልሳቸው «አሁን እየነገርኩሽ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ሐኪም ዘንድ የወሰደቻቸው እሷ ናት። ግላኮማ ነበር፣ ሰው የዓይን ግፊት የሚለው። ሦስት ጊዜ የዓይን ቀጠሮ ይዘው ሦስቱንም ጊዜ ራሳቸው አራዝመውት ነበር። ሐኪሙ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ብዙው የዓይናቸው ብርሃን ይተርፍ እንደነበር ነግሯቸዋል። ይህን የጻፍኩት ሊያ እንዳይቀር ስላለች ነው። «ሰው ይስማው፣ ሰው ቼክ ያድርግ» ብላለች።

የኔንም ድርሻ መጻፍ አለብኝ። ከጨዋታው በኋላ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ሊጉ አልቆ ለማኪያቶ ብቻ ስንሰበሰብ፣ ስለ ንጣፎቹ ነገርኳቸው።

«በየካቲት ወር ሰባት ንጣፍ ላይ ነበርኩ ነው የምትለኝ?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ቆጥረህ ዝም አልክ።»

«አዎ።»

ሁለት ቅዳሜ አላናገሩኝም። ሰላምታዬን በጭንቅላታቸው ይቀበላሉ፣ ከዚያ በላይ የለም። በሦስተኛው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና «እኔ የደበቅኩት ሥራዬን እንዳላጣ ነው። አንተ ግን ምን ልታጣ ነበር?» አሉኝ። «ሁለተኛ እንዳታደርገው» አሉና ማኪያቶ አዘዙልኝ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ በኋላ አንሥተን አናውቅም።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ኖረዋል። ቅዳሜዎቹ አልቀሩም። የሚናገረው ዳንኤል ነው፤ እሱ ወደብ ሥራ ሲኖረው እኔ እናገራለሁ። እኔ ብዙ የመናገር ልማድ ስለሌለኝ መጀመሪያ ላይ ድምፄ አይሰማም ነበር፤ «ናትናኤል፣ የምትደበቀው ኳሷ ናት እንጂ አንተ አይደለህም» ይሉኝ ነበር ጋሽ በፍቃዱ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጋሽ በፍቃዱ ከጋሽ ዘሪሁን ጋር አብረው በቫኑ ይሄዱ ነበር፣ እንደ ተሳፋሪ። አዲሱ ሾፌር ሜክሲኳዊ ወጣት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከኋላ ሆነው በእንግሊዝኛ «አሁን የት ነን? ንገረን እንጂ» እያሉ ሲጨቀጭቁት እየተደናገረ ይመልስላቸው ነበር። አሁን ሳይጠየቅ ነው የሚናገረው። ለሌሎቹም ተሳፋሪዎች፣ ለሚያዩትም ጭምር፣ ይናገራል ብለው ጋሽ ዘሪሁን ነግረውኛል። የእንጨቱ መረገጫ አሁንም ቫኑ ውስጥ ነው። ጎማው አንድ ጊዜ ተቀይሯል።

እኔ የማውቀው ይህን ነው። በዚያ ቅዳሜ የነበራችሁ ሁሉ የጎደለውን እንድትጨምሩ፣ የተሳሳተውን እንድታርሙ እለምናለሁ። እትዬ ሰብለ፣ በዘጠኙ ደቂቃ ውስጥ ውጭ አብረሻቸው የነበርሽ አንቺ ብቻ ነሽ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ለዲስፓቸሯ ምን አሉ? ለአንቺስ የነገሩሽ ነገር አለ? ዳንኤል፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ኳሷ መውጣቷን የሳቱት ብዬ ጽፌአለሁ፤ ሦስት ከሆነ ንገረኝ። ኤልያስ፣ ወደ ቤታቸው ስትወስዳቸው መንገድ ላይ የተናገሩትን አልጠየቅኩህም። ጋሽ ዘሪሁን፣ እርስዎ የማላውቀውን ብዙ ያውቃሉ፤ ይንገሩኝና እጽፈዋለሁ።

ጋሽ በፍቃዱ፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ያን ሰኞ ማታ እርስዎ ቤት ተቀምጠው ሳለ ዲስፓቸሯ ዘንድ ደውዬ ነበር። ስለ ሰባቱ ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፣ የእርስዎ ጓደኛ ነኝ ስላት ዝርዝሩን አነበበችልኝ። የቻይናዋ ሴትዮ በሰዓቷ ደርሳለች። ጋሽ ዘሪሁን ሃያ ደቂቃ ዘግይተዋል፣ አዲሱ ሾፌር መታጠፊያውን ስቶት ነው። የቀሩት አምስቱ በደህና ገብተዋል፣ ማታም በደህና ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። እርስዎ ሰኞው እንዴት እንደዋለ ማንንም አልጠየቁም፤ እኔም ሳልነግርዎት ሁለት ዓመት አለፈ። ይህን መንገር ነበረብኝ። ሰባቱም ደርሰዋል፣ ጋሼ። እርስዎም ይረፉ።